ሠላሳ ሁለቱ ስሞች

ሰኞ፣ መጋቢት 4

አይሆንም አልኩ። ድምፄ ከመዝገብ ቤቱ አልፎ ኮሪደሩን ሳያዳርስ አልቀረም፤ የበሩ ጥበቃ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ አየኝ። ይየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክፍላችን ኃላፊ አቶ ኦኬሎ ጠዋት አንድ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ከላይ ካለው ኮሚቴ የተጻፈ ነው። ክሊኒክ ሄደው የኤድስ የደም ምርመራ ካደረጉት ውስጥ በሽታው የተገኘባቸው ሰዎች ስማቸው፣ ዕድሜያቸውና ቀበሌያቸው በአዲሱ ኮምፒዩተር ገብቶ ለየቀበሌው እንዲላክ ያዛል። «ለክትትል እንዲያመች» ይላል። እዚህ ከተማ ውስጥ ምን ዓይነት ክትትል እንደሚጠብቃቸው የማያውቅ አለ? ባለፈው ክረምት አንድ አናጢ ከሳ ተብሎ ብቻ፣ ማንም ሳይመረምረው፣ የጠጣበትን ብርጭቆ ፊቱ ላይ ሰብረው ከሻይ ቤት አባረውታል። ያ በሐሜት ነው። በማኅተም ሲመጣ ምን ሊሆን ነው?

አቶ ኦኬሎ ክፉ ሰው አይደሉም። ክልሉ አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፣ እሳቸውም ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ ዓመት አልሞላቸውም። ከላይ የመጣ ደብዳቤ ሲያዩ ላብ ያጠምቃቸዋል። (በዚህ ሙቀት ማንን የማያጠምቅ።) «ጥሩወርቅ፣ በኔ ላይ ለምን ትጮሂያለሽ? እኔ አልጻፍኩት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ረቡዕ የኮሚቴው ተወካይ ባለበት ስብሰባ አለ፤ ያኔ ተናገሪ ብለውኛል።

የባሰው ግን ስሞቹ ቀድመው ገብተዋል። የኮምፒዩተራችን ሠራተኛ ቾል፣ አዲስ አበባ ሦስት ወር ሠልጥኖ የመጣው፣ ባለፈው ሳምንት ካርዶቹ ከክሊኒክ ለቆጠራ ሲመጡለት ማንም ሳያዘው ሁሉንም ጽፎ ጨርሷል። ሠላሳ ሁለት ስም። ማሽኑ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ ሊያሳየን ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው እንዲህ ሲያደርግ ምን ይባላል።

አራት ሰዓት ላይ አንዲት መምህርት በመስኮቴ መጣች። ስሟን እዚህም አልጽፍም። አንደኛ ክፍል ነው የምታስተምረው። መስኮቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስሜ ማሽኑ ውስጥ ገባ?» አለችኝ። ካርዷ ከክሊኒክ ወደኛ መምጣቱን ሰምታለች። ቀጥላ ሁሉንም ነገረችኝ፤ ካወቁ ወላጆች ልጆቻቸውን ከክፍሏ እንደሚያስወጡ፣ የተከራየችበት ግቢ አንድ ቀን እንደማያሳድራት፣ ወዴትም የምትሄድበት ዘመድ እንደሌላት።

ከዚህ ቢሮ አይወጣም አልኳት። ቃል ገባሁላት። እኔ ማን ሆኜ ነው ቃል የምገባው? የመዝገብ ቤት ጸሐፊ። ግን ገባሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 5

የዛሬ ሥራዬ፦ ገቢ ደብዳቤ አሥራ አንድ፣ ወጪ ስድስት። የጠፋ ፋይል አንድ፣ የተገኘ ዜሮ። ከቢሮው ሾፌር ጋር ጠብ። የተበላሸ ወረቀት ሰብስቤ እንደ ልማዴ ለኛቦል ሰጠሁ። ቬንቲሌተሩ ከምሳ በኋላ ቆመ።

ኛቦል በቢሮአችን በር ላይ ኦቾሎኒ የምትሸጥ ናት። ከተማው ውስጥ እንደ እሷ የሚቆላ የለም፤ አንድም ጥቁር፣ አንድም ጥሬ አታገኝበትም። መጠቅለያ ወረቀት ስለሚቸግራት በሳምንት አንዴ ከቢሮ የሚጣለውን እሰጣታለሁ። ጾም ስለሆነ ደግሞ የእሷ ኦቾሎኒ ነው ምሳዬ።

ጠዋት ቾል ዝርዝሩን ለስብሰባ አተመ። የማተሚያው ጩኸት ጥርስ ያማል። የመጀመሪያው እትም ሁለቱም ገጽ ጠምሞ ወጣበት፣ ገንጥሎ ጣለው፣ ሁለተኛው ተስተካከለለት። ጠርዙ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሁለት ትልልቅ ገጽ። በየገጹ አሥራ ስድስት ስም። ሲያሳየኝ ፈገግ ብሎ ነበር። እኔ ፈገግ አላልኩም።

ሲስተር አርየት ከሰዓት መጣች። ክሊኒኩ ውስጥ ደሙን የቀዳችው እሷ ናት። አኙዋክ ናት፣ ረጅም፣ ስትቆጣ ድምፅዋ ከፍ አይልም፤ እንዲያውም ይቀንሳል፤ ያኔ ነው መፍራት። ቾልን «ካርዱን የሰጠሁህ ሰው ስንት እንደሆነ እንድትቆጥር ነው። ማን ስም ጻፍ አለህ?» አለችው። ቀጠለች። «እኔ ለእያንዳንዱ ሰው ቃል ሰጥቼ ነው መርፌ ያስገባሁት።»

ከዚያ እኔ ተናገርኩ። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን። እኔ ጋምቤላ የመጣሁት በዝርዝር ነው። ወሎ፣ በድርቁ ጊዜ፣ አሥራ አራት ዓመቴ ላይ አንድ ሰው ከወረቀት ላይ የአባቴን ስም ጠራ፣ የእናቴን፣ የእኔን። መኪና ላይ ወጣን። ማን እንደጻፈን፣ ለምን እንደጻፈን አልተነገረንም። አባቴ እስከ ዛሬ ሰፈራ መንደሩ ውስጥ በቆሎውን እያረሰ ይኖራል፤ ጋምቤላንም ወዷታል፤ ግን ሰው ወረቀት ይዞ ሲመጣ ካየ ወደ ጓሮ ነው የሚሄደው። ቾል ይህን ሲሰማ ማሽኑን የሚያለብሰውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመረ፣ ፈታው፣ እንደገና አጠፈው።

በመጨረሻ እሱ ነው የተናገረው። «ወረቀት አንድ ነው። በር ላይ ቆመሽ ትጠብቂያለሽ። ይሄ ግን» አለና ስሞቹ የተቀዱበትን ዲስኬት አነሳ፣ «ይሄ በሸሚዝ ኪስ ይወጣል። ሌላ ቢሮ ይገለበጣል። እዚያም ይገለበጣል። እኔ ያስገባሁትን እኔም መልሼ አልሰበስበውም።» ይህን ሲያስብ ፊቱ ተለዋወጠ። ሦስት ወር ሲያሠለጥኑት ይህን የነገረው አልነበረም፤ ራሱ ነው የደረሰበት።

ተስማማን። የምንጠይቀው፦
ስም በማሽን አይገባም። ቁጥር ብቻ።
የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚናገር አንድ ደብተር ብቻ ይኑር፣ እሱም በሲስተር አርየት ቁም ሣጥን ተቆልፎ።
ለቀበሌ ምንም አይላክ።
ቾል ደግሞ ለስብሰባው አንድ ነገር አዘጋጃለሁ ብሏል። ምን እንደሆነ አልነገረንም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 6

አሸነፍን! 

የኮሚቴው ተወካይ ቆፍጣና ሰው ነው፣ ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ነው የሚሰበሰበው። ሕዝብን መጠበቅ፣ ኃላፊነት፣ ወዘተ አለ። ሲስተር አርየት ተነሳች። «ሰው ስሙ ቀበሌ እንደሚሄድ ካወቀ ነገ ክንዱን የሚሰጠኝ የለም። ኢታንግ ወረዳም ብሄድ፣ የትም ብሄድ ይሸሸኛል። ያኔ እናንተ የምትከታተሉት ማንን ነው?» አለችና ተቀመጠች። ከዚህ በላይ አልተናገረችም። እኔ ብሆን ግማሽ ሰዓት እናገር ነበር።

ከዚያ ቾል። ከሸሚዙ ኪስ ዲስኬቱን አወጣና ጠረጴዛው መሀል አኖረው። «ይሄ ከጠዋት ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነው። ጥበቃው ሲፈትሸኝ አልፏል። ሻይ ቤት ይዤው ገብቻለሁ። ገበያ ይዤው ዞሬያለሁ። ሠላሳ ሁለት ሰው ይዤ ስዞር ማንም ምንም አላለኝም።»  ተወካዩ ዲስኬቱን አንስቶ አገላበጠው፤ እንዲህ ትንሽ መሆኑን አላወቀም ነበር መሰለኝ። «የእኔም ስም ቢኖርበት እንዲሁ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «እንዲሁ ነው» አለው ቾል።

የገረሙኝ ግን አቶ ኦኬሎ ናቸው። ላባቸውን ጠረጉና «እኔ ይህን ዝርዝር አልልክም። ውሳኔውን በጽሑፍ አድርጌ በስሜ እፈርማለሁ። ጥፋት ከሆነ የእኔ ነው» አሉ። እኒያ አቶ ኦኬሎ! ደብዳቤ ሲያዩ የሚርዱት! ልቤ በኩራት ሞላ፤ ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም፤ ስብሰባ ላይ ባይሆን።

ጓሮ ወጥተን የታተመውን ሁለት ገጽ አቃጠልነው። ቾል ከማሽኑ ውስጥ ስሞቹን እያየን አጠፋ፣ ዲስኬቱን በመቀስ አራት ቦታ ቆረጠው። ሲስተር አርየት አመዱን በእግሯ በተነችው። ቃሌን ጠበቅሁ። ዛሬ በዚህች ከተማ ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ ኩሩ ሰው ካለ ይምጣና እንተያይ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 7

ምነው ትናንት ያንን ዓረፍተ ነገር ባልጻፍኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኦቾሎኒዬን ገዝቼ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጥኩ። ግማሹን በልቼ ወረቀቱን ሳየው ጠርዙ ላይ ቀዳዳ አለው። ገለጥኩት። ሁለት ስም፣ ሁለት ዕድሜ፣ ሁለት ቀበሌ። 

ማክሰኞ ጠዋት ጠምሞ የወጣው! ቾል ገንጥሎ ሲጥለው የወደቀው እኔ የምሰበስበው ክምር ላይ ነው። እኔም ከሰዓት ገልብጬ ሳላይ ከሌላው ጋር አፍሼ ለኛቦል ሰጠሁ። መልካም ሥራ ብዬ። ደህና የታተመውን ስናቃጥል፣ ዲስኬት በመቀስ ስንቆርጥ፣ አመድ ስንበትን የጠመመው ለሦስታችንም ትዝ አላለንም። ሌባ እንዳይገባ በሩን ስቆልፍ ውዬ በገዛ እጄ በመስኮት አውጥቼ የሰጠሁ እኔ ነኝ።

ሮጥኩ። ኛቦል በዚያ ቀዳዳ ባለው ወረቀት ለእነማን ጠቅልላ እንደሸጠች ታስታውሳለች። እያንዳንዱን ገጽ ስምንት ቦታ ነው የምትቀደው። ሁለት ገጽ፣ አሥራ ስድስት ቁራጭ፣ በየቁራጩ ሁለት ስም። ቅርጫቷ ውስጥ ቀሪው ዘጠኝ ነው። አንዱ እኔ እጅ። ስድስቱ ከተማው ውስጥ።

ምን ልበላት? ኛቦል አማርኛ የምትናገረው ለገበያ የሚበቃትን ያህል ነው፣ ማንበብም አትችልም። ውሸት ለማዘጋጀት ጊዜ አልነበረኝም። «እዚህ ላይ የታመሙ ሰዎች ስም አለ። ሰው ካነበበው ይጎዳቸዋል። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት። የምን በሽታ ነው አላለችም። «ስንት ሰው?» አለችኝ። ነገርኳት። ዘጠኙን ቁራጭ ከቅርጫቷ አውጥታ፣ አጣጥፋ፣ በእጄ ላይ አስቀምጣ ጣቶቼን በላዩ ዘጋቻቸው።

እኔ ገዢዎቹን እየዞርኩ ወረቀቱን መልሱ ልል ነበር። ከለከለችኝ። «ወረቀት ስጡኝ ካልሽ ሰው ያነባል። እኔ እሄዳለሁ። ኦቾሎኒ መጥፎ ነው እላለሁ። መድኃኒት ያለው ዘር ገብቷል፣ ወረቀትም ነክቷል፣ አትንኩ፣ መልሱ እላለሁ።» መሬት ሲዘሩት ተባይ እንዳይበላው መድኃኒት የሚቀቡት ዘር አለ፤ እሱን ማለቷ ነው። የተቀባውን ማንም አይበላውም፣ ማንም አያስቀምጠውም።

ኛቦል! ስለ ኦቾሎኒዋ አንድ ክፉ ቃል ተናገረ ብላ ከጥበቃው ጋር ሦስት ቀን የተኳረፈች! «ስምሽ ይበላሻል እኮ፣ ሰው አይገዛሽም» አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። «የኔ ስም ይመለሳል እህቴ። የነሱ አይመለስም።»

ዓይኔ እንባ ሞላ። ቀድማኝ ሄዳለች።

ዓርብ፣ መጋቢት 8

ትናንት ከመምሸቱ በፊትና ዛሬ ሙሉ ቀን። እግሬ አብጧል። እስካሁን፦

አንደኛው የእኛው ጥበቃ። በልቶ ወረቀቱን ማንጎው ሥር ጥሎታል። አገኘነው፣ ጉንዳን ወርሶታል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ተማሪዎች። አንደኛዋ ደብተሯ ውስጥ ልትሥልበት አስቀምጣው ነበር። ኛቦል መድኃኒት ስትላት እንደ እባብ ወረወረችው።

አራተኛው ባሮ ላይ በጀልባ ሰው የሚያሻግር ሰውዬ። ኦቾሎኒውንም ወረቀቱንም መለሰ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ክሊኒክ ሄደ! ሲስተር አርየት ፊቷን ሳታጥፍ ሆዱን ዳብሳ፣ ውኃ አጠጥታ፣ ጥላ ሥር አስተኝታ፣ ድነሃል ብላ ሸኘችው። ድኛለሁ ብሎ እጇን ስሞ ሄደ። ስትነግረኝ ሁለታችንም ግድግዳ ተደግፈን እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ መሳቃችን አሳፈረን።

አምስተኛው የኢታንግ መኪና ሾፌር። ይዞት ሄዷል። ቾል ሳይጠየቅ ተነሳ። ጠዋት በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ኢታንግ ድረስ ሄደ፤ ሾፌሩን ከገበያው አጠገብ አገኘው። ወረቀቱ መቀመጫው ሥር ተጣጥፎ ነበር። ሾፌሩ ፊደል አይቆጥርም፤ ተመስገን። ቾል ከነአቧራው ሲመለስ ወረቀቱን ከዚያችው ከሸሚዙ ኪስ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ።   ያ ሰው ማክሰኞ ጠዋት ፈገግ ሲል ያየሁት ሰው አይደለም፤ ኮራሁበት።

ስድስተኛው የለም። ረቡዕ ለትንሽ ጊዜ ኛቦል ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ የወንድሟ ሚስት ናት የሸጠችው። «ትልቅ ሰው፣ መነጽር ያለው» ከማለት በቀር አታስታውስም።

ቁራጮቹን ክሊኒክ ወስደን ጠረጴዛ ላይ ገጣጠምናቸው። ሲስተር አርየት ቁም ሣጥኗን ከፍታ ደብተሩን አወጣች፤ እኔና ቾልን ዞር በሉ አለችን። ዞርን። ብቻዋን ስም በስም አስተያየች። ቆየች። ከዚያ የጎደሉት ሁለት ስሞች ናቸው አለች። አንደኛው ጋምቤላን ለቆ የሄደ ሰው ነው። «ሁለተኛዋን አንቺ ታውቂያታለሽ» አለችኝ።

መምህርቷ። ከሠላሳ ሁለት ሰው እሷ። መስኮቴን የያዘችው።

ለአቶ ኦኬሎ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወንበራቸው ላይ ቁጭ እንዳሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እስራት፣ ስንብት፣ ምንም ይሁን ተቀብያለሁ ብዬ ቆምኩ። «ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ? ስሙ የእሷ ነው። ለእሷ ንገሪ» አሉ።

ነገ ሄጄ እነግራታለሁ። ከነገ በላይ የምፈራው ቀን አላውቅም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9

ስምንት ሰዓት ላይ የተከራየችበት ግቢ ሄድኩ። በሩ ላይ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ የግቢው ባለቤት ጋሽ ይማም የልብስ ስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ። እንደ እኔው ከወሎ የመጡ ሰፋሪ ናቸው፤ ቦታቸውን ልጃቸው ያርሳል፣ እሳቸው ከተማ ገብተው ይሰፋሉ። መነጽር አላቸው። መነጽሩን ሳይ ስድስተኛው ገዢ ትዝ አለኝ።

ሰላምታ ሰጠኋቸው። እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ። «አንቺ የዚያ ቢሮ ልጅ ነሽ አይደል?» አሉና ከልብስ ሳጥናቸው ሥር አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የቅባት ነጥብ አለበት። ጠርዙ ላይ ቀዳዳ አለ።

«እኔ ማንበብ የተማርኩት በስተርጅና ነው፣ በመሠረተ ትምህርት። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ የሳሙናም፣ የስኳርም፣ መጠቅለያ ሁሉ። ይኸን ግን ባላነበብኩት።»

ምንድን ነው ብለው አልጠየቁኝም። የበሽታው ስም ራሱ ላይ ተጽፏል፤ ቾል ርዕሱን በየገጹ አናት ላይ ማስቀመጡ ጥሩ መስሎት ነበር። የእሳቸው ቁራጭ የሁለተኛው ገጽ አናት ነው።

ለማን ተናገሩ አልኳቸው። ቁጣ ይዞኝ ነበር፣ ወይስ ፍርሃት፣ አላውቅም። «ለማንም። ለባለቤቴም አልተነፈስኩ። ሐሙስ ክሊኒክ ሄጄ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅኋቸው፤ በሰሃን ይተላለፋል ወይ ብዬ። አይተላለፍም አሉኝ። ትናንት ማታ እንደ ልማዷ ከእኛ ጋር በላች። ከአንድ ሰሃን።» እጃቸው ክሩን ይፈልጋል፣ አያገኘውም። «ልጅት ደህና ሰው ናት። አስተማሪ ናት። እኔ አስተማሪ ባይኖር ዛሬም መጠቅለያ አላነብም ነበር።»

ወረቀቱን ተቀበልኳቸው። እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳልል ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ መምህርቷ ጋ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳት። ማክሰኞን፣ ኛቦልን፣ ጋሽ ይማምን። ምንም አልደበቅኩም። ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ሟሸሸ፤ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ቃል ገብተሽልኝ ነበር» አለች። እሱን ብቻ። ቀጥላ ውጪልኝ አለችኝ፤ ወጣሁ። የበሩ መወርወሪያ ከኋላዬ ሲገባ ሰማሁ። ጋሽ ይማም እንዳላዩኝ ሆነው መርፌያቸው ላይ አቀርቅረው ነበር።

እሑድ፣ መጋቢት 10

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስለ መድኃኒቱ ውሸት ለአባ ልናገር ብዬ ተውኩት፤ ውሸቱን ከተናገርኩ የተዋሸበትን ነገር መናገር ይመጣል። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይበቃል።

በመምህርቷ ሰፈር ማለፍ ፈልጌ አላለፍኩም። ሄዳ ይሆን? ዕቃዋ ብዙ አይደለም። አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፍራሽ፣ መጻሕፍት። ሰው ለመሄድ ከወሰነ የጠዋቱ መኪና አለ።

ስለ ኛቦል አሰብኩ። ትናንት ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት «መድኃኒቷ» ብላ ጠቆመቻት። ኛቦል ቅርጫቷን ይዛ አንገቷን ቀና አድርጋ አለፈች። እኔ መዝገብ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ብዙ ሰው ምስጢር ጠበቅሁ ሲል ሰምቻለሁ። በራሱ ስም ከፍሎ የጠበቀ ያየሁት እሷን ነው። ማንበብ የማትችል ሴት። ከእኛ ከተማርነው ሁሉ እሷን አስቀድማለሁ፤ ይህን የምጽፈው አውቄ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 11

ጠዋት የመጀመሪያው ሥራዬ፦ የአቶ ኦኬሎ ውሳኔ። «የሕሙማን ስም በኮምፒዩተር አይመዘገብም፣ ለማንኛውም አካል አይተላለፍም።» ማኅተሙን እኔ ረገጥኩት። ወጪ መዝገብ ላይ እኔ ጻፍኩት። በክልላችን ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ወረቀት ወጥቶ ከሆነ እኔ አላየሁም። ሥሩ ላይ እሳቸው አንድ መስመር ጨምረዋል፦ የተበላሸ ወረቀት በዕለቱ ይቃጠላል። ኃላፊነቱ የመዝገብ ቤት። ደህና ቅጣት ነው፤ ተቀብያለሁ። ከአሁን ጀምሮ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጓሮ ክብሪት ይዤ የምቆመው እኔ ነኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ አቶ ኦኬሎ፣ ሲስተር አርየት፣ ቾል፣ የቢሮው ሾፌር ሳይቀር ወጥተን በር ላይ ተሰልፈን ከኛቦል ኦቾሎኒ ገዛን። ሰው እያየ ቆመው በሉ። እኔ ጾም ነኝ፣ በኪሴ ያዝኩ። ጀልባ ቀዛፊው ዳር ላይ ቆሞ ሲያየን ቆየና አቶ ኦኬሎ አለመሞታቸውን ሲያረጋግጥ ቀርቦ ገዛ። ኛቦል በቅጠል እየጠቀለለች ነው የምትሸጠው። አልሳቀችም፤ ግን ለእኔ ጨምራ ሰፈረችልኝ።

ጥሩ ቀን ነው። ሆኖም ሙሉ ቀን መስኮቴን ነበር የማየው።

ትምህርት ቤቱ ሲለቀቅ መጣች። እጇ ላይ የጠመኔ ዱቄት አለ። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ፤ እሷ ቆማ ቀረች። ይቅር አላልኩሽም፣ ገና ነኝ አለችኝ። እሺ አልኳት።

ከዚያ ነገረችኝ። ቅዳሜ እኔ ከሄድኩ በኋላ ሻንጣዋን አውጥታ ልብሷን ማጣጠፍ ጀምራ ነበር። መሸት ሲል በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ይማም ናቸው። ገበታ ቀርቧል፣ ምን ትጠብቂያለሽ አሏት። አልመጣም አለች። በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። «አንቺ ካልመጣሽ ሚስቴ ለምን ብላ ትጠይቀኛለች፤ እኔ ደግሞ መዋሸት አልችልበትም» አሏት።

«ሄድሽ?» አልኳት።

«ሄድኩ። ዓይን ለዓይን አልተያየንም። ግን በላን።» መስኮቱን በአንድ እጇ ያዘችው። «እስከ መቼ እንደሚችሉት አላውቅም። ሰው ናቸው። እኔም እንዳወቁ አውቄ መኖር እችል እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ግን ከቤት ስወጣ ከስፌት መኪናቸው ተነስተው፣ ቆመው፣ ደህና ዋይ መምህርት አሉኝ።»

ስሟ ከደብተሩ ላይ እንዲሠረዝ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኋት። አሰበች። ሲስተር አርየት ጋ ይቆይ አለች፤ እዚያ ደህና ነው። ከዚያ የአንደኛ ክፍል ደብተሮቿን ክንዷ ላይ አስተካክላ ወደ ቤቷ ሄደች። ሻንጣውን መልሳለች። እዚያው ግቢ ውስጥ ናት።